አፕዴት መጥቶ ሴቭ አልከፈት ሲል፦ ስካይሪም ላይ ምን ይደረጋል?

ጥያቄው፦ «ስካይሪም ስፔሻል ኤዲሽን የተባለውን ጌም በስቲም (በጌም መሸጫውና ማስኬጃው ፕሮግራም) ነው የምጫወተው። ወደ 70 የሚጠጉ ሞዶች (ተጫዋቾች የሠሯቸው የጌም ጭማሪዎች) አሉኝ፤ የማስተዳድራቸው በሞድ ኦርጋናይዘር 2 ነው። አንዱ ገጸ ባሕሪዬ 110 ሰዓት ገብቶበታል። ለብዙ ጊዜ ሳልከፍተው ቆይቼ ስመለስ ስቲም ከ1.6.640 ወደ 1.6.1170 አሳድጎት አገኘሁት። በኤስኬኤስኢ (ብዙ ሞዶች በሚያስፈልጋቸው የጌሙ ማስፋፊያ ፕሮግራም) ስከፍተው ቨርዥኑ አይገጥምም ይላል። ከስቲም በቀጥታ ስከፍተው ደግሞ ሴቩ የሚፈልገው ነገር ጎድሏል፣ ልቀጥል ወይ? ብሎ ይጠይቀኛል። አንዴ እሺ ብዬ ገብቼ ነበር፤ የሰውዬው ፊት ተቀይሯል፣ ሜኑው ወደ ድሮው ተመልሷል፣ ግማሹ ዕቃዬ የለም። ሴቬ አለቀለት ማለት ነው?»

መልስ፦

አላለቀለትም። ከዘረዘርካቸው ምልክቶች ውስጥ ሴቩ ራሱ ተበላሽቷል የሚያሰኝ አንድም የለም። የተቀየረው ሴቩን የሚከፍተው ጌም ነው፤ ሴቩ እዚያው እንደነበረ ተቀምጧል። ነገር ግን ከአሁን በኋላ በምታደርገው ነገር በእውነት ልታበላሸው ትችላለህና ይህን አንብበህ ሳትጨርስ ጌሙን አትክፈተው።

መጀመሪያ ኮፒ አድርግ። ከስቲም ስትከፍተው ሴቭህ ዝርዝሩ ውስጥ ከታየህ፣ ሴቮችህ ያሉት ዶክዩመንትስ ውስጥ ነው ማለት ነው። ማይ ጌምስ፣ ስካይሪም ስፔሻል ኤዲሽን፣ ሴቭስ ብለህ ግባና ፎልደሩን እንዳለ ወደ ፍላሽ ገልብጠው። (ሞድ ኦርጋናይዘር ላይ እያንዳንዱ ፕሮፋይል የራሱ ሴቭ እንዲኖረው ያደረጉ ሰዎች ግን ሴቮቻቸውን የሚያገኙት በሞድ ኦርጋናይዘሩ ፎልደር፣ ፕሮፋይልስ በሚለው ሥር ነው።) ስትገለብጥ ልብ የምትለው ነገር አለ፤ እያንዳንዱ ሴቭ በአንድ ስም የተቀመጡ ሁለት ፋይሎች ነው። ትልቁ መጨረሻው ኢኤስኤስ ይላል፤ እሱን የጻፈው ጌሙ ነው። ትንሹ መጨረሻው ኤስኬኤስኢ ይላል፤ እሱን ለሞዶችህ የጻፈው ኤስኬኤስኢ ነው። ሁለቱ መለያየት የለባቸውም። ትልቁን ብቻ የያዘ ሰው ገጸ ባሕሪውን ይዟል፣ ሞዶቹ ስለዚያ ገጸ ባሕሪ የሚያስታውሱትን ግን ጥሏል።

አሁን ፎልደሩን በቀን ደርድረው። አፕዴቱ ከገባ በኋላ የተጻፈ ኢኤስኤስ ካለና ጥንዱ የኤስኬኤስኢ ፋይል ከሌለ፣ ያ ሴቭ የተጻፈው ኤስኬኤስኢ ሳይኖር ነው። አንተ ሆን ብለህ ሴቭ ባታደርግም ኦቶሴቭ አድርጎልህ ይሆናል፤ ስካይሪም በር ስታልፍ፣ ስትተኛ፣ ስትጠብቅ፣ ሜኑ ስትከፍት በራሱ ይጽፋል። ኦቶሴቭ ያለው ሦስት ቦታ ብቻ ስለሆነ አዲሱ የሚጻፈው በአሮጌው ላይ ነው። ጥንድ ያጡትን ለብቻ ፎልደር ውስጥ አስቀምጣቸው፤ አታጥፋቸው፣ አትጠቀምባቸውም። ለአንተ መነሻ የሚሆነው ከአፕዴቱ በፊት የተጻፈውና ሁለቱም ፋይሎች ያሉት የመጨረሻው ሴቭ ነው። መጠኑንም እይ፤ 0 ኪሎባይት የሆነ ወይም ከጎረቤቶቹ በጣም ያነሰ ፋይል ሲጻፍ የተቋረጠ ነው። ላፕቶፑ ባትሪው ደክሞ መብራት ሲሄድ የሚከሰተው ይሄ ነው፣ ከአፕዴቱ ጋር አይገናኝም።

ሙከራው እስኪያልቅ ኦቶሴቩን ዝጋው። እዚያው ስካይሪም ስፔሻል ኤዲሽን ፎልደር ውስጥ ስካይሪም ፕሬፍስ የሚል የኢኒ ፋይል አለ፤ በኖትፓድ ክፈተውና ሜይን በሚለው ክፍል ሥር ሴቭ ኦን ፖዝ፣ ትራቭል፣ ዌይት፣ ሬስት የሚሉት አራቱ መስመሮች ፊት ያለውን 1 ወደ 0 ቀይር።

ወደ ምልክቶቹ ልመለስ። ፊቱ የተቀየረው፣ ሜኑው ወደ ድሮው የተመለሰው፣ ዕቃው የጠፋው ሁሉም በአንድ ምክንያት ነው። ሞድ ኦርጋናይዘር ሞዶችህን ጌሙ ፎልደር ውስጥ አይጨምራቸውም። ጌሙን ራሱ ሲያስነሳው ብቻ እዚያ እንዳሉ አድርጎ ያሳየዋል። ስለዚህ ከስቲም በቀጥታ ስትከፍተው ጌሙ የተነሳው ያለ አንድም ሞድ ነው፤ «የሚፈልገው ነገር ጎድሏል» ማለቱ ትክክል ነበር። እዚያ መልእክት ላይ እሺ ማለትና ማየት አይጎዳም። የሚጎዳው ከዚያ በኋላ ሴቭ ማድረግ ነው፤ ምክንያቱም ጌሙ ያላገኘውን ሁሉ ከአዲሱ ሴቭ ውስጥ ያወጣዋል፣ በኋላ ሞዶቹን ብትመልስም ከሴቩ የወጣው ዕቃ አብሮ አይመለስም። ከዛሬ ጀምሮ የስቲምን ፕሌይ በተን ለዚህ ጌም እርሳው።

ኤስኬኤስኢ ለምን አልገጥም አለ? አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ስናመላክት «ከጋራዡ አለፍ ብሎ ሦስተኛው በር» እንላለን። ጋራዡ ከተነሳ ቤቱ ቦታው ላይ እያለ እንግዳው ይጠፋል። ኤስኬኤስኢና የዲኤልኤል ሞዶች (የራሳቸውን የፕሮግራም ኮድ ፋይል ይዘው የሚመጡት) የሚሠሩት እንዲህ ነው፤ በጌሙ ዋና ፋይል ውስጥ «ይሄ ሥራ የሚሠራው እዚህ ቁጥር ላይ ነው» ብለው አድራሻ ይይዛሉ። ፋይሉ እንደገና በተሠራ ቁጥር አድራሻው ይንሸራተታል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 11 ቀን 2021 የአኒቨርሰሪ ኤዲሽን አፕዴት ሲወጣ ጌሙ የተሠራው በአዲስ ኮምፓይለር (ኮዱን ወደ ፕሮግራም በሚቀይር መሣሪያ) ስለነበር ከ1.5.97 የተረፈ አድራሻ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ የሞድ ሠሪዎች የዓመታት ሥራ በአንድ ቀን መታደስ ነበረበት። ዲሴምበር 2023 ላይ 1.6.1130፣ ጃንዋሪ 2024 ላይ 1.6.1170 ሲመጡም ያው ነገር በትንሹ ተደገመ። ለተጫዋቹ ይሄ የሚያናድድ መሆኑ ይገባኛል። አሥር ዓመት ያለፈው፣ ሰው በራሱ ሞድ የገነባው ጌም፣ ባለቤቱን ሳይጠይቅ መለወጥ አልነበረበትም። ግን ኤስኬኤስኢ «አልገጥምም» ብሎ መቆሙ ውለታ ነው፤ ዝም ብሎ ተነስቶ በተሳሳተ አድራሻ ቢጽፍ ኖሮ ያኔ ሴቭህ በእርግጥ ይበላሽ ነበር።

አሁን ምርጫህ ሁለት ነው፤ ሞዶቹን ወደ 1.6.1170 ማምጣት ወይም ጌሙን ወደ 1.6.640 መመለስ። አንተ ያለህበት ቦታ ላይ የመጀመሪያውን እመክራለሁ፤ 1.6.1170 ከወጣ ቆይቷል፣ አብዛኞቹ የዲኤልኤል ሞዶች ተከትለውታል። አፕዴቱ የወጣው ትናንት ቢሆን ኖሮ ምክሬ ተቃራኒው ይሆን ነበር።

ወደ ፊት ለመሄድ፣ የጌሙ ዋና ፋይል ላይ ራይት ክሊክ አድርገህ ፕሮፐርቲስ፣ ዲቴይልስ ውስጥ ቁጥሩ 1.6.1170 መሆኑን አረጋግጥ። ለዚህ ቁጥር የሚሆነው ኤስኬኤስኢ 2.2.6 ነው። (በ1.6.640 የነበረህ 2.2.3 ነው፤ በ1.5.97 የቀሩት ደግሞ 2.0.20 ይጠቀማሉ።) ጎግ ለተባለው ሌላ የጌም መሸጫ የተሠራው ለብቻው ስለሆነ የስቲሙን አውርድ። ሎደሩንና የዲኤልኤል ፋይሉን ከጌሙ ዋና ፋይል ጎን አስቀምጥ። ብዙዎች የሚሳሳቱት ቀጥሎ ባለው ነው፦ በዚያው ዚፕ ውስጥ ዳታ፣ ስክሪፕትስ የሚል ፎልደር አለ። እሱም መቀየር አለበት፤ አሮጌውን ሞድ ኦርጋናይዘር ላይ እንደ አንድ ሞድ ጭነኸው ከነበር በአዲሱ ተካው። ሎደሩ አዲስ፣ ስክሪፕቱ አሮጌ ከሆነ ጌሙ ይነሳል፣ ሞዶቹ ግን ግማሽ በግማሽ ነው የሚሠሩት፤ ምክንያቱን ለማግኘትም ያደክማል።

ቀጥሎ አድሬስ ላይብረሪ። ቅድም ያልኩት የአድራሻ ችግር እንዳይደጋገም የተሠራ ነው፤ ለእያንዳንዱ የጌሙ ቨርዥን አንድ የአድራሻ ማውጫ ፋይል ይይዛል፣ ሞዶቹም አድራሻውን ከእሱ ይጠይቃሉ። ለአኒቨርሰሪ ኤዲሽን (ለ1.6 ቨርዥኖች) የሚለውን ሙሉውን ጥቅል ጫን፤ ውስጡ 1-6-1170 የሚል ስም ያለው ፋይል መኖር አለበት። እሱ ከሌለ ሃያ ሞድ አንድ ላይ ይወድቃል፣ ሰውም ሃያውን አንድ በአንድ ሲያባርር ይውላል።

ከዚህ በኋላ ሴቭህን አትክፈት። መጀመሪያ ጌሙን ያለ ሴቭ ፈትነው። ከሞድ ኦርጋናይዘር በኤስኬኤስኢ አስነሳው፣ ዋናው ሜኑ ላይ ስትደርስ ከቁጥር 1 በስተግራ ያለውን የኮንሶል ቁልፍ ተጫን፣ ሲ-ኦ-ሲ ብለህ ቦታ ትተህ ሪቨርውድ ብለህ ጻፍ። ስም የለሽ ገጸ ባሕሪ ይዞ ሪቨርውድ መንደር ላይ ያወርድሃል። ይቺ ሙከራ የብዙ ቀን ጭንቀት ትቆርጣለች። እዚያም ከተዘጋብህ ጥፋቱ የሴቩ አይደለም፤ ሞዶቹ ጋ ነው። መንደሩን ዞረህ፣ ቤት ገብተህ ወጥተህ ደህና ከሆነና ሴቭህ ብቻ ሲከፈት ከዘጋ፣ ያኔ ጥያቄው ስለ ሴቩ ይሆናል። በዚህ ገጸ ባሕሪ ግን ሴቭ አታድርግ፤ የጌሙን መግቢያ ስላላለፈ የጎደለ ነው።

ከተዘጋ፣ ዶክዩመንትስ ውስጥ ስካይሪም ስፔሻል ኤዲሽን ፎልደር ሥር ኤስኬኤስኢ የሚል ፎልደር አለ፤ ውስጡ ያለውን የኤስኬኤስኢ 64 ሎግ በኖትፓድ ክፈት። እያንዳንዱ የዲኤልኤል ሞድ በስሙ ተጠርቶ ከጎኑ በትክክል መጫኑ ወይም ከዚህ ቨርዥን ጋር ስለማይሄድ መታገዱ ተጽፏል። የታገዱትን ብቻ ሞዶች ከሚወርዱበት ድረ ገጽ ከኔክሰስ ሞድስ አድስ።

«ብቻ» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሞድ ኦርጋናይዘር አዲስ ነገር የወጣላቸውን ሁሉ ምልክት ያደርግልሃል፤ እጅህ ሁሉንም ለማደስ ይቸኩላል። ሰብስበው። የሞድ አፕዴትም ያው ፓች ነው፣ ሴቭህን ከጌሙ አፕዴት በላይ ሊጎዳው ይችላል። ስካይሪም ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ባለ ስምንት አሃዝ ቁጥር አለው፤ ስቲል ሶርድ የሚባለው ሰይፍ 00013989 ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ነገሩ ከየትኛው ፋይል እንደመጣ ይናገራሉ፤ 00 ዋናው የስካይሪም ፋይል ነው። ሞድ ኦርጋናይዘር ላይ የሰልፍ ቁጥሩ 24 የሚል ሞድ ያመጣው ሰይፍ በ24 ይጀምራል። ሴቩ የሞዶቹን ሰልፍ አብሮ ስለሚጽፍ ሰልፉ ቢሸጋሸግ ጌሙ ራሱ ያስተካክለዋል። የሞዱ የውስጥ ቁጥር ሲቀየር ግን ማስተካከያ የለም። ሞድ ሠሪ ፋይሉን «ኢኤስኤል (ቀላል የሞድ ፋይል) ሆኗል» ብሎ ካወጣው፣ ያ ሞድ ከራሱ መስመር ወጥቶ ኢኤስኤሎች ሁሉ ወደሚጋሩት ኤፍኢ ወደሚባለው መስመር ገብቷል፤ ለራሱ የቀሩት የመጨረሻዎቹ ሦስት አሃዞች ናቸው። ሴቭህ ሰይፉን በድሮው ቁጥር ይፈልገዋል፣ አያገኘውም፣ ሰይፉም ጓደኛህም ቤትህም ከሴቩ ይወጣሉ። ስለዚህ የሞዱን የለውጥ ዝርዝር ሳታነብ አታድስ፤ ኢኤስኤል የሚል ቃል ካየህ ይሄን ገጸ ባሕሪ እስክትጨርስ በአሮጌው ቆይ።

አንድ የታገደ ሞድ አዲስ ቨርዥን ባይኖረውስ? ውስጡን ክፈትና እይ። ዲኤልኤልና ኢኒ ብቻ ከሆነ ብታጠፋው ብዙ ጊዜ ሴቩ ላይ የሚያስቀረው ነገር የለም። የኢኤስፒ ፋይል (ዕቃና ቦታ የመሳሰለውን ወደ ጌሙ የሚያስገባ የሞድ ፋይል) ወይም የራሱ ስክሪፕት ካለው ግን አታጥፋው። የስካይሪም ስክሪፕት (የሞዱን ሥራ የሚያካሂድ ትንሽ ፕሮግራም) በሴቩ ውስጥ ይኖራል፤ ሞዱ ሲወጣ የተጀመረው ስክሪፕት ባለቤት አጥቶ እዚያው ይቀራል። እንዲህ ያለ ሞድ ካለህና ካልታደሰ ወደ ኋላ መመለሱን ምረጥ።

ሪቨርውድ ላይ ካለፍክ፣ አሁን ወደ ሴቩ። ሞድ ኦርጋናይዘር ላይ ሴቭስ በሚለው ትር ቅድም የመረጥከው ሴቭ ላይ ማውሱን አሳርፈው፤ የጎደለ ፋይል ካለ በስሙ ያሳይሃል። ዝርዝሩ ባዶ ካልሆነ አትክፈት፤ መጀመሪያ የጎደለውን መልስ። ባዶ ከሆነ ክፈተው። ጌሙ አሁንም «ጎድሏል» ካለ እንቢ በልና ተመለስ። ምንም ሳይል ከገባ አንድ ደቂቃ ያህል ሳትንቀሳቀስ ቁም፤ ስክሪፕቶቹ ይረጋጉ። ቤት ውስጥ የተደረገ ሴቭ ካለህ ከሜዳው ይሻላል፤ የሚጫነው ነገር ያነሰ ነው። ፊቱን፣ ዕቃውን፣ የሞዶቹን ማስተካከያ ሜኑ፣ አንድ የተጀመረ ተልዕኮ እይ። ከዚያ በአዲስ ቦታ፣ በአሮጌው ላይ ሳይሆን፣ ሴቭ አድርግ። ጌሙን ሙሉ በሙሉ ዘግተህ እንደገና ክፈትና ያንን አዲሱን ጫን። በዘጋኸውና በከፈትከው መካከል የኤስኬኤስኢ ጥንዱ መጻፉን ፎልደሩ ውስጥ ተመልከት።

ወደ ኋላ መመለስ ካስፈለገህ ጌሙን በሙሉ ማውረድ የለብህም፤ ዳታ በፓኬጅ ለሚገዛ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ስቲም የጌሙን ዋና ፋይል በተለየ ክፍል ነው የሚያስቀምጠው። የዊንዶውስ ቁልፍና አር ተጭነህ በሚመጣው ሳጥን ውስጥ ስቲም፣ ሁለት ነጥብ፣ ሁለት ስላሽ፣ ኦፕን፣ ስላሽ፣ ኮንሶል ብለህ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍ፤ የስቲም ኮንሶል ይከፈታል። እዚያ ዳውንሎድ ዲፖ የሚለውን ትእዛዝ፣ ሁለቱን ቃላት በታች ሰረዝ አያይዘህ፣ ቀጥሎ 489830፣ ቀጥሎ 489833፣ ቀጥሎ የ1.6.640ን የማኒፌስት ቁጥር (ስቲም ያንን ቨርዥን የሚለይበትን) ጻፍ። 489830 የጌሙ መለያ ነው፣ 489833 ዋናው ፋይል ያለበት ክፍል፤ የማኒፌስቱን ቁጥር ስቲም ዲቢ የተባለ የስቲምን መረጃ የሚመዘግብ ድረ ገጽ ላይ በቀኑ ፈልገህ ታገኘዋለህ። የወረደው ስቲም አፕስ፣ ኮንቴንት በሚለው ፎልደር ውስጥ ይጠብቅሃል። ያሁኑን ፋይሎች ሌላ ቦታ አስቀምጥና የወረደውን ሁሉ ጌሙ ፎልደር ላይ ገልብጥ። ኤስኬኤስኢውንም ወደ 2.2.3 መልስ።

እዚህ አንድ ወጥመድ አለ። ከ1.6.1130 ጀምሮ አንድ ኢኤስኤል የሚይዘው ነገር ከ2048 ወደ 4096 አድጓል፤ በዚህ አዲስ ስፋት የተሠሩ ፋይሎች ራስጌያቸው ላይ 1.71 የሚል ቁጥር አላቸው። አሮጌው ጌም እነሱን ሲያገኝ ገና ሜኑ ሳይደርስ ይዘጋል። ከአፕዴቱ ጋር አብሮ የመጣው ሪሶርስ ፓክ የሚባለው ፋይል ከእነዚህ አንዱ ነው። ቢኢኢኤስ የተባለው ትንሽ ሞድ አሮጌው ጌም እነዚህን እንዲያነብ ያደርገዋል፤ ወደ ኋላ ከተመለስክ እሱን ጫን። በ1.6.1170 ያደረግከውን ሴቭ በ1.6.640 ለመክፈት አትሞክር፤ ከአፕዴቱ በፊት ከነበረው ቀጥል።

የትኛውንም መንገድ ብትይዝ ስቲምን እሰረው። ጌሙ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ አፕዴትስ ውስጥ ገብተህ ጌሙን ስከፍተው ብቻ አድስ የሚለውን ምረጥ፤ በኤስኬኤስኢ ሎደር እስከከፈትክ ድረስ ስቲም ያንን «መክፈት» አይቆጥረውም። ማጠናከር ከፈለግህ ስቲም አፕስ ፎልደር ውስጥ አፕ ማኒፌስት 489830 የሚለውን ፋይል ሪድ ኦንሊ አድርገው። ኦፍላይን ሞድ ብቻውን መከላከያ አይሆንም፤ ኢንተርኔት ያገኘ ዕለት ያወርደዋል። ፋይሎችን አረጋግጥ የሚለውንም በተን ወደ ኋላ ከተመለስክ በኋላ አትንካው፤ አረጋግጦ የሚሰጥህ አዲሱን ቨርዥን ነው። ስቲም አንድ ቀን የኮምፒውተሩ ሴቭ ይሻላል ወይስ የክላውዱ ብሎ ከጠየቀህ ቀኑን ሳታነብ አትመልስ።

ሪሴቨር የሚባለውን የሴቭ ማጽጃ መጠቀም አለብኝ ወይ ብለህ ትጠይቅ ይሆናል፤ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠቁመው እሱን ነው። እኔ የመጨረሻ አደርገዋለሁ። ባለቤት ያጡ ስክሪፕቶችን ያወጣልሃል፣ የጠፋ ዕቃ ግን አይመልስም፤ ሞዶቹ ባልተስተካከሉበት ከተጠቀምክበት ደግሞ የሚያስፈልግህን ስክሪፕት እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ ሊጠርገው ይችላል። ሞዶቹ ተስተካክለው፣ ሴቩ ተከፍቶ፣ ከዚያ በኋላም የሚንተባተብ ነገር ካለ ብቻ፣ በኮፒው ላይ ሞክረው።

ሴቭ በእርግጥ ሲሞት ምን እንደሚመስል ለማወቅ የሳይበርፐንክ 2077ን ነገር ተመልከት። ዲሴምበር 2020 ላይ በኮምፒውተር የሚጫወቱ ሰዎች ሴቭ ከ8 ሜጋባይት ካለፈ ፋይሉ ይሰበር ነበር። በዚያው ወር የወጣው 1.06 ፓች ገደቡን አነሳ፣ ቀድመው የተሰበሩትን ግን መመለስ አልቻለም። ያንተ እንደዚያ አይደለም፤ የፎልአውት 4ን ይመስላል። ኤፕሪል 25 ቀን 2024 የወጣው አፕዴት የሞዶቹን መሠረት ስላናጋ፣ ፎልአውት ለንደን የተባለው ግዙፍ ሞድ መውጫው ተራዝሞ ጁላይ ላይ ሲወጣ ተጫዋቹ ጌሙን ወደ አሮጌው ቨርዥን እንዲመልስ ጠይቋል።

ሁሉንም ሠርተህ አሁንም ከተዘጋብህ ሦስት ነገር ላክ፦ የጌሙን ዋና ፋይል ቁጥር፣ የኤስኬኤስኢ 64 ሎጉን ሙሉውን፣ እና ሪቨርውድ ላይ ወረድክ ወይስ እዚያም ተዘጋብህ የሚለውን። ሦስተኛውን አትርሳ፤ ሎጉን የማነበው በእሱ መሠረት ነው።